ወና ያለው ማን ነው?

ሰው ስላጣ ቦታ የምንናገርባቸው የአማርኛ ቃላት ጥቂት አይደሉም። ወና አለ፤ ባድማ አለ፤ ጠፍ አለ፤ ምድረ በዳ አለ፤ በየዕለቱ ከአፋችን የማይጠፋው ባዶም አለ። በጥድፊያ ለሚናገር ሁሉም አንድ ይመስላሉ። ረጋ ብሎ ለሚያዳምጥ ግን እያንዳንዱ ቃል ስለ ሄደው ሰው የተለየ ነገር ይናገራል፤ አንዳንዱም ሳናስተውለው ፍርድ ይሰጣል። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄም ይኸው ነው። አንድን ስፍራ "ወና ነው" ለማለት መብቱ የማን ነው? ቃሉን ለመፈተን ከጅጅጋና ከአካባቢዋ ከተሞች የተሻለ ቦታ ማግኘት ያስቸግራል። ባለፉት ሃምሳ ዓመታት ገደማ ውስጥ ብቻ የዚያ አገር ቤቶች ደጋግመው ሰው አጥተዋል፤ ደጋግመውም ሰው ገብቶባቸዋል። (ሌላ ካልተባለ በቀር ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው።)

እስቲ ከራሱ ከቃሉ እንነሣ። ወናን አንዳንዶች ኦና ብለው ይጽፉታል፤ አጻጻፉ ቢለይም ነገሩ ያው ነው። የከተማ ደላላ "ባዶ ቤት አለኝ" ብሎ ደንበኛ ይጠራል፤ "ወና ቤት አለኝ" ብሎ የሚያከራይ ግን አልተሰማም። አዲስ ተሠርቶ ቀለሙ ያልደረቀ፣ ገና ሰው ያልገባበት ቤት ባዶ ነው እንጂ ወና አይደለም። ወና ለመባል ቤቱ አስቀድሞ ሰው ማወቅ አለበት። እሳት የነደደበት፣ ቡና የተፈላበት፣ ሕፃን ያለቀሰበት፣ ከዚያ በኋላ ዝም ያለ ቤት ነው ወና። ቃሉ ስለ ግድግዳና ስለ ጣሪያ የሚናገር ይምሰል እንጂ የሚናገረው ስለ ሄደው ሰው ነው።

ስለ ቀረውም ሰው ይናገራል። ልጆቿን ሁሉ ድራ ብቻዋን የቀረች እናት "ቤቱ ወና ሆነብኝ" ትላለች። ዕቃው በቦታው ነው፤ እርሷም እዚያው ቤት ውስጥ ተቀምጣለች። ነገር ግን ቤቱ ወና ሆኖ አልቀረም፤ ወና የሆነው "በእርሷ ላይ" ነው። ቋንቋችን በዚያች "ብኝ" በምትባል ቅጥያ ትልቅ ምስክርነት አኑሯል፤ ወናነት የሚደርስበት ሰው አለ። የሚደርስበት ሰው ከሌለ ቦታው ባዶ ይሆናል እንጂ ወና አይሆንም።

ከእርግማኖቻችን ሁሉ ከባዱ "ቤትህ ይቃጠል" የሚለው እንዳልሆነም ልብ ይሏል። የተቃጠለ ቤት ይሠራል። ከባዱ ደጅ እንዲዘጋ፣ ቤት ወና እንዲሆን፣ ቅጥሩን ዳዋ እንዲውጠው መመኘት ነው። የሰው ልጅ ባዶነትን እንደማይወድም ከዚህ ይታወቃል። ሰው የለቀቀውን ቤት ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ለጂኒና ለሰይጣን ይሰጠዋል፤ ማንም የማይኖርበት ቤት እንዳለ ከማመን ይልቅ ክፉ መንፈስ ይኖርበታል ማለቱ ይቀለዋል።

ባድማ ደግሞ ከወና የበለጠ ጠለቅ ያለ ቃል ነው፤ ፊቱም ሁለት ነው። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ነቢያት ከተሞችን ሲያስፈራሩ ባድማ ትሆናላችሁ ይሏቸዋል፤ የጥፋት ቃል ነው። የገጠሩ ሰው ግን "ይህ የአያቶቼ ባድማ ነው" ሲል የሚናገረው ስለ ርስቱ፣ ስለ አጥንቱ ነው። ያው አንድ ቃል ፍርስራሽም ርስትም ነው። የተተወ ቦታ ሁሉ ለአንድ ሰው ውርስ መሆኑን፣ ውርስ ሁሉም ከአንድ መቃብርና ከአንድ ፈራሽ ግድግዳ እንደሚጀምር የቀደሙት ሰዎች ያውቁ ኖሮ ይሆናል በአንድ ስም የጠሩት።

በዳና ባዲዬ

ከእነዚህ ቃላት አንዱ ግን ከሌሎቹ ይለያል። ወናም ባድማም የነበረውን ሰው ያስታውሳሉ። ምድረ በዳ ግን ማንም አልነበረበትም፣ ወደፊትም አይኖርበትም የሚል ይመስላል።

በዳ ከግዕዙ በድው የመጣ ነው። የሴም ቋንቋዎች ሊቃውንት ከዐረብኛው ባዲያ ጋር ያዛምዱታል፤ ዘላኑ ዐረብ በደዊ የተባለው ከዚያው ሥር ነው። ሶማሊኛም ቃሉን ከዐረብኛ ወስዶ ባዲዬ ይለዋል። ነገሩ የሚያስገርመው እዚህ ላይ ነው። ለደገኛው አማርኛ ተናጋሪ በዳ ማለት ውሃ የሌለበት፣ ሰው የሌለበት፣ ቢሄዱበት የሚያስፈራ ምድር ነው። ለሶማሌው ባዲዬ ማለት ገጠር ነው፤ ግመሉና ፍየሉ ያሉበት፣ እናትና አባት የሚኖሩበት፣ የከተማው ልጅ ለዘመድ ጥየቃ የሚወርድበት፣ ወተቱ የሚመጣበት አገር። አንድ ሥር ያለው ቃል ሁለት ጎረቤታሞች አፍ ውስጥ ገብቶ ለአንደኛው የሰው ማጣት፣ ለሁለተኛው የሰው መገኛ ሆነ።

ሶማሊኛ ባዶነትን የሚጠራበት ቃል አጥቶ አይደለም። ዒድላ የሚል ቃል አለው። ዒድ ሰው፣ ወገን ማለት ነው፤ ዒድላ ወገን የሌለበት፣ ጠሪና ተጠሪ የታጣበት ስፍራ ነው። ባዶነትን በዛፍና በውሃ ማጣት ሳይሆን በወገን ማጣት ይለካዋል። በዚህም ዒድላ ከእኛው ወና ጋር እኅትማማች ናቸው፤ ሁለቱም ቦታን በሰው በኩል ነው የሚያዩት።

ከጅጅጋ በስተ ምሥራቅና በስተ ደቡብ የተዘረጋውን የሐውድን ሜዳ በዚህ ዓይን እንመልከተው። አርብቶ አደሩ ዝናቡን ተከትሎ ይጓዛል። የጉ ዝናብ ሲጥል ሣሩ ወዳለበት ይወጣል፤ የጂላል ድርቅ ሲመጣ ወደ ጉድጓዶቹ ይመለሳል። ጉዞው ጌዲ ይባላል። ሲነሡ ሴቶቹ አቃሉን፣ ማለት ጎጆውን፣ ያፈርሱታል፤ ቅርንጫፉንና ምንጣፉን በግመል ላይ ይጭኑታል። በስፍራው የሚቀረው የእሾህ አጥር፣ የተጠቆረ የምድጃ ድንጋይና የከብት ፍግ ነው። በዚያ ሰሞን ያለፈ እንግዳ ይህን አይቶ ምን ይላል? "ሰዎች ነበሩ፤ ትተውት ሄደዋል" ይላል። አልተዉትም። ዝናቡ ሲመለስ ይመለሳሉ፤ ካልተመለሱም ያ ሜዳ የእነማን ግጦሽ እንደሆነ፣ ጉድጓዱን የማን አባት እንደቆፈረው ጎረቤቱ ሁሉ ያውቃል። ለእንግዳው ወና የሆነው ለባለቤቱ በር እንደተቆለፈ ቤት ነው።

"ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ" የሚል ተረት አለን። የእሾህ አጥር ሲሆን ግን ባለቤቱን ለመናቅ እንኳ የምንቸኩል ይመስላል፤ ባለቤት መኖሩንም አናስብምና።

ጠፍ የሚለው መዝገብ

ይህ የቃላት ጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለቋንቋ መምህራን ትተነው ባለፍን። ችግሩ ቃሉ መዝገብ ውስጥ ሲገባ ነው።

ጠፍ የሚለው ቃል ጠፋ ከሚለው ግስ የመጣ ነው። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የመሬት ግብር የሚከፈለው መሬቱ ለም፣ ለም ጠፍ፣ ጠፍ ተብሎ በሦስት ከተመደበ በኋላ ነበር። መዳቢው የሚፈልገው ማረሻ ያረፈበትን ነው። ማረሻ ካላረፈበት ሰው ጠፍቶበታል፤ ስለዚህ ጠፍ ነው። ለገበሬው አገር ይህ ያስኬድ ይሆናል። ለግመል አርቢው አገር ግን ከመነሻው የተሳሳተ ሚዛን ነው፤ በማረሻ የሚለካ ሁሉ የሐውድን ሜዳ በሙሉ ጠፍ ይለዋልና።

በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ደግሞ ነገሩን በግልጽ አስቀመጠው። የመንግሥት ንብረት የሚባሉትን ሲዘረዝር፣ ወራሽ የሌለውን መሬትና ሰው የተወውን ንብረት ካነሣ በኋላ፣ በዚያው አንቀጽ ውስጥ ደኑን ሁሉ፣ የግጦሽ መሬቱንም ሁሉ ጨመረበት። አንድ ሰው የሞተበትና ወራሽ ያጣ ቤት፣ ሺህ ግመል የተሰማራበትም ሜዳ በአንድ ዝርዝር ተቀመጡ። ሕግ አርቃቂዎቹ ክፉ ሰዎች ስለነበሩ ነው ለማለት አይደለም። ዓይናቸው የለመደው የቤት ጢስና የእርሻ ማሳ ነበር። ሆኖም ዓይን የለመደውን ብቻ ሲያይ ምን ያህል ሰው ከፊቱ እንደሚሰወርበት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም።

ከዚያ በፊትም ቢሆን ያው ነው። በ1889 ዓ.ም. አፄ ምኒልክና የእንግሊዙ መልእክተኛ ሬኔል ሮድ ስለ ወሰን ሲዋዋሉ፣ መስመሩ የተሰመረው ጎሳዎች በየዓመቱ ወዲያና ወዲህ በሚመላለሱበት ሜዳ ላይ ነበር። ውሉ በሁለቱም ወገን ያሉት ግጦሹንና ጉድጓዱን እንዲጠቀሙ ፈቅዷል፤ እዚያ ሰው እንዳለ አስታውሷል ማለት ነው። ነገር ግን ሰዎቹ ራሳቸው በድርድሩ አልነበሩም። በ1947 ዓ.ም. እንግሊዞች ሐውድን ለኢትዮጵያ አስተዳደር ለማስረከብ ሲስማሙም ውሉ የሁለት መንግሥታት ነበር፤ በሐርጌሳ በኩል ያሉት ሶማሌዎች የሰሙት ከተፈረመ በኋላ ነው፤ አቤቱታቸውም ከዚያ ተነሣ።

ይህ ነገር የእኛ ብቻ በሽታ እንዳይመስለን። አውሮፓውያን ቅኝ ገዥዎች "ቴራ ኑሊየስ" የሚል የላቲን አባባል ነበራቸው፤ የማንም ያልሆነ ምድር ማለት ነው። እንግሊዞች አውስትራሊያን ሲይዙ የኖሩት ምድሩ ባለቤት የሌለው ነው በሚል ሐሳብ ነው፤ የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ያን ሐሳብ የጣለው ገና በ1992 (እ.ኤ.አ.) ነው። ለእኛ የበለጠ የሚቀርበን ግን በሔግ ያለው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት በ1975 (እ.ኤ.አ.) ስለ ምዕራብ ሰሃራ የሰጠው አስተያየት ነው። እስፓኝ ስትገባ ምድሩ የማንም አልነበረም ወይ? ተብሎ ሲጠየቅ፣ ሕዝቡ ዘላን ቢሆንም በጎሳና በአለቃ የተደራጀ ነበርና የማንም ያልሆነ ምድር አልነበረም ሲል መለሰ። መንቀሳቀስ መተው እንዳልሆነ በዓለም ፊት የተነገረበት ቀን ነው። የእኛም የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አርብቶ አደሮች የግጦሽ መሬት የማግኘትና ከመሬታቸው ያለመፈናቀል መብት እንዳላቸው ደንግጓል። ከ1948ቱ እስከ 1987ቱ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ነው፤ ከባዶ ሜዳ ወደ ባለመብት ለመሸጋገር የፈጀው ጊዜ ማለት ነው፤ ያውም በወረቀት ላይ።

ሁለት መንገደኞች በአንድ መንገድ

እስካሁን የተናገርነው በፈቃዳቸው ሄደው በፈቃዳቸው ስለሚመለሱ ሰዎች ነው። ጅጅጋ ግን ሌላም ዓይነት መሄድ ታውቃለች።

በ1969 ዓ.ም. ክረምት የሶማሊያ ጦር ድንበር ጥሶ ገባ። በ1970 ዓ.ም. መስከረም መጀመሪያ ጅጅጋ ተያዘች። ብዙ ነዋሪ የካራማራን ተራራ እየተሻገረ ወደ ሐረር ሸሸ፤ ቤቱን ትቶ። የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ጦር ከኩባ ወታደሮች ጋር ሆኖ ከተማዋን መልሶ ያዘ። ያ ቀን እስከ ዛሬ የካራማራ ድል እየተባለ ይታሰባል፤ ሊታሰብም ይገባዋል። በዚያው ሰሞን ግን በተቃራኒው አቅጣጫ ሌላ ሰልፍ ነበር፤ ቁጥሩ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሶማሌ ኢትዮጵያዊ ወደ ሶማሊያ ይሰደድ ነበር፤ እርሱም ቤቱን ትቶ። በአንድ ዓመት ውስጥ ያ አካባቢ በሁለት አቅጣጫ ሰው አጣ። የሐረሩ ስደተኛ "ወና ሆነ" ሲል የሚያስበው አንድ ቤት ነው፤ የሞቃዲሾው ስደተኛ "ዒድላ ሆነ" ሲል የሚያስበው ሌላ ቤት ነው፤ ምናልባትም በአንድ መንደር ውስጥ በአንድ አጥር የሚዋሰኑ።

አሥር ዓመት ዞረ። በ1980 ዓ.ም. ግንቦት በሐርጌሳ ጦርነት ፈነዳ፤ የሲያድ ባሬ መንግሥት የራሱን ከተማ በመድፍና በአውሮፕላን ደበደበ። አውሮፕላኖቹ የሚነሡት ከዚያችው ከተማ አየር ማረፊያ ነበር። የሐርጌሳ ሰው በእግሩ ወደ ኢትዮጵያ ጎረፈ። ከጅጅጋ በስተ ደቡብ ምሥራቅ፣ ሐርትሼክ በተባለች ደረቅ ሜዳ ላይ ከሩብ ሚሊዮን የሚበልጥ ሰው ሰፈረ፤ በጊዜው ከዓለም ትልቁ የስደተኛ ጣቢያ ነበር ይባላል። የሚጠጣው ውሃ በቦቴ የሚጋዝለት ከተማ ሆነ። ገበያው ደርቶ፣ የሐርትሼክ ዕቃ አዲስ አበባ ድረስ ገብቶ፣ ስሙ ከኮንትሮባንድ ጋር ተያይዞ በመላ አገሪቱ ታወቀ። ጣቢያው ሰው እያራገፈ ሄዶ በ1996 ዓ.ም. ተዘጋ፤ የመጨረሻዎቹ ስደተኞች ወደ አገራቸው ገቡ።

እንግዲህ ሐርትሼክ በዚያ ቀን ወና ሆነች ወይ? ለነጋዴው፣ ለቦቴው ሾፌር፣ ለእርዳታ ድርጅቱ ሠራተኛ ሆናለች። ለተመላሹ ግን ያ መልቀቅ ደስታ ነበር፤ ወና የነበረው የሐርጌሳው ቤቱ ነው፤ አሁን ሊሞላው ነው። ለሜዳው አርቢ ደግሞ ሌላ ነው። ድንኳኖቹ የተተከሉት በግጦሹ ላይ ነበር፤ ዛፉ ለማገዶ አልቋል፤ አሁን ሜዳው ተመለሰለት፤ ሣሩ ግን እስኪያገግም ዓመታት ይፈልጋል። በአንድ ዕለት አንድ ስፍራ ለአንዱ ወና፣ ለሁለተኛው የእስር ፍጻሜ፣ ለሦስተኛው የተመለሰ ርስት ሆነ። ማንኛቸውም አልዋሹም። ስለ አንድ ስፍራ ወና ነው ወይም አይደለም ብሎ የሚከራከር ሰው "ለማን?" የሚለውን ሳይጠይቅ ከጀመረ ክርክሩ ማለቂያ የለውም።

የገባበትስ ሰው?

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ ደርሰናል። በ1970 ዓ.ም. ተሰድዶ፣ የሶማሊያ መንግሥት በ1983 ዓ.ም. ሲፈርስ የተመለሰ አንድ አባወራ እናስብ፤ እንዲህ ያሉ ብዙዎች ነበሩ። ቤቱ ሲደርስ ደጁ ላይ የሌላ ሰው ልጆች ይጫወታሉ። የልጆቹ አባት ሌባ አይደለም። እርሱም ከሌላ ቦታ በጦርነት ወይም በረኃብ ተፈናቅሎ፣ ሰው የሌለበት ቤት አግኝቶ የገባ ነው። አሥራ ሦስት ዓመት ጣሪያውን ጠግኗል፤ ግድግዳውን ለስኗል፤ ልጅ ወልዶበታል፤ ምናልባትም ቀብሮበታል። ቤቱ የማን ነው?

"የቀደመው ይውሰድ" ማለት ይቻላል። እሳቱን ያላጠፋ፣ ቤቱን ከመፍረስ ያዳነ ሰው እንደ ሌባ በአንድ ቀን ሲወጣ ግን ፍርዱ ሌላ ወና ቤት ይፈጥራል። "ያለበት ይኑርበት" ማለትም ይቻላል። ያን ጊዜ ደግሞ ለማፈናቀል ሽልማት ሰጠን፤ ሰውን አስፈራርቶ ማስወጣትና ጥቂት ዓመት መጠበቅ በቂ ሊሆን ነው። ለቤቱ መፍትሔ የሚሰጡት የአገር ሽማግሌና ፍርድ ቤት ናቸው፤ ካሳም፣ ምትክም፣ ማካፈልም ይኖራል። ይህ ጽሑፍ የእነርሱን ሥራ አይሠራም።

ነገር ግን ከዳኛ በፊት በእያንዳንዱ ሰው አፍ የሚሰጥ አንድ ፍርድ አለ፤ እርሱም ቃል ነው። ያ የገባው ሰው "ስገባ ባዶ ነበር" ሊል ይችላል፤ "ስገባ ወና ነበር" ሊልም ይችላል። "ባዶ ነበር" ካለ የቀደመው ሰው አልነበረም ማለቱ ነው፤ በእግሩ ያሳደዱትን ሰው እርሱ በአንደበቱ ለሁለተኛ ጊዜ አሳደደው። "ወና ነበር" ካለ ግን የሰው ቤት መሆኑን አውቆ መግባቱን መሰከረ፤ ከዚያ በኋላ መነጋገር ይቻላል። በአንዱ ቃል ድርድር ይጀመራል፤ በሌላው ይዘጋል። የቀደመውን ሰው ማወቅ ቤቱን ማስረከብ አይደለም፤ ነገር ግን ያለ እርሱ የሚደረግ ማንኛውም ስምምነት መሠረት የለውም።

የተመላሹም አፍ የራሱ ፈተና አለበት። ባድማ ርስት ማለትም ነው ብለናል። "የአባቶቼ ባድማ ነው" የሚለው ቃል መብት ማስከበሪያ ይሆናል፤ ጎረቤትን ማባረሪያም ይሆናል። የአካባቢው ምድር ራሱ ለዚህ ይመልሳል። ተፈሪ በር በምንላት በአውበሬና በዙሪያዋ፣ ወደ ሶማሌላንድም ተሻግሮ፣ የፈረሱ የድንጋይ ከተሞች ይገኛሉ። የድንበር ኮሚሽን አባል የነበረው እንግሊዛዊው ከርል በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መስጊዶቻቸውንና መቃብሮቻቸውን መዝግቦ፣ ከቻይና የመጣ የሸክላ ስብርባሪ ሳይቀር እንደተገኘባቸው ጽፏል። የአገሩ ሰው ሐርላ የተባሉ የጥንት ሰዎች የሠሩት ነው ይላል፤ ግዙፋን ነበሩ የሚልም አለ። በድሬዳዋና በሐረር መካከል በምትገኘው ሐርላ መንደር የቲሞቲ ኢንሶል ቡድን ቆፍሮ በ2017 (እ.ኤ.አ.) ያስታወቀው የ12ኛው መቶ ዘመን መስጊድ፣ የውጭ አገር ሳንቲምና ጨሌም ግዙፋን ሳይሆኑ ነጋዴዎች እንደነበሩባት ያሳያል። ከዛሬዎቹ ነዋሪዎች ማንም ቢሆን ሥሩን በጥልቀት ቢቆፍር የሌላ ሰው ምድጃ ላይ ይደርሳል። ሁላችንም የምንኖረው የአንድ ሰው ባድማ ላይ ነው። ይህን ማወቅ የማንንም መብት አይሽርም፤ "እኔ ብቻ" የሚለውን ግን ያሳፍራል።

የማያፍር ዘመን ግን ይመጣል። በ2010 ዓ.ም. መባቻ በኦሮሚያና በሶማሌ ክልሎች ወሰን በተነሣው ግጭት ከሁለቱም ወገን በመቶ ሺዎች ተፈናቀሉ። ኦሮሞዎች ከጅጅጋ ወጡ፤ ከኦሮሚያ የወጡ ሶማሌዎች በባቢሌ በኩል ቆሎጂ በተባለ ስፍራ ሸራ ወጥረው ሰፈሩ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 28 ቀን ደግሞ ጅጅጋ ውስጥ ሁከት ተነሥቶ ሰዎች ተገደሉ፤ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፤ ሱቅና ቤት ተዘረፈ፤ ብዙ ሕዝብ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ተጠልሎ ሰነበተ። ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ አማራውና ሌላውም በየተራ ደጁን ዘጋ። ከእነዚህ ቤቶች አንዱን እንኳ "ባዶ" ለማለት የሚደፍር አንደበት የተደረገውን ነገር ያጸድቃል።

ከዚያ አገር ርቆ በአዲስ አበባ የሚኖር አንባቢ ነገሩን የሩቅ እንዳያደርገው። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች ለኮሪደር ልማት ሲፈርሱ ነዋሪው ምን ተባለ? "የልማት ተነሺ"። ቃሉን እናድምጠው። ተነሺ ማለት ከተቀመጠበት በራሱ ጊዜ ብድግ ያለ ሰው ይመስላል፤ ያስነሣው ማን እንደሆነ ቃሉ አይናገርም። ሥራው አስፈላጊ ነው አይደለም የሚለው ሌላ ክርክር ነው። ከተማ ይለወጣል፤ መንገድም ይሰፋል። ነገር ግን አዲሱ መናፈሻ ላይ ቆሞ "እዚህ ምንም አልነበረም" የሚል ሰውና "እዚህ ሰፈር ነበር" የሚል ሰው እኩል አያዩም። ሁለተኛው ለተነሣው ጎረቤት ቢያንስ የት ደረሰ? ብሎ ይጠይቃል።

እንግዲህ ወና ማለት መብቱ የማን ነው? መጀመሪያ የሄደው ሰው ነው፤ ቀጥሎም የሄደውን የሚያስታውስ ጎረቤት። ከውጭ የመጣው ግን፣ ቀያሽም ይሁን ሹም፣ ነጋዴም ይሁን ጸሐፊ፣ ቃሉን ከመናገሩ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ። ማን ነበረበት? ወድዶ ነው ወይስ ተገድዶ የሄደው? ይመለሳል ወይ? በሐውድ ሜዳ የእሾህ አጥር ትቶ ለሄደው መልሱ አንድ ነው፤ ከሐርትሼክ ወደ አገሩ ለገባው ሌላ ነው፤ በ1970ም በ2010ም ቤቱን ለዘጋው ሰው ደግሞ ጨርሶ ሌላ ነው። መልሱ ሲለያይ የምናደርገውም ይለያያል፤ ለመጀመሪያው መጠበቅ፣ ለሁለተኛው የምድሩን ቁስል ማዳን፣ ለሦስተኛው ደግሞ ዕዳውን ማወቅ።

ጎረቤቱ ተሰድዶ ቁልፉን አደራ የተቀበለ ሰው በብዙ ከተሞቻችን አለ። አንዳንዱ ደጁን ይጠርጋል፤ አንዳንዱ ማታ ማታ መብራት ያበራበታል፤ የሚጠይቅ እንግዳ ሲመጣም "የእገሌ ቤት ነው፤ ለጊዜው የሉም" ይላል። ቤቱ ውስጥ ማንም የለም። ወና ነው ብሎ የሚናገር ሰው ግን በዚያ ሰፈር አይገኝም።